ግብር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

እንግሊዝኛ ለዚህ ነገር ሦስት ቃል አለው። «ታክስ» ዜጋ ለመንግሥት የሚከፍለው ነው። «ሬንት» በሰው ሀብት የሚጠቀም ለባለሀብቱ የሚሰጠው ነው። «ትሪቢዩት» ደግሞ ያደረ ላሳደረው፣ የተገዛ ለገዛው የሚያገባው ነው። አማርኛችን ኪራይን ለይቶ ያውቃል፤ ግን ለመንግሥት የሚከፈለውንም ለባለጉልት የሚገባውንም «ግብር» ብሎ ያልፈዋል። ታዲያ ስለ ጎጃም የምንጽፍ ተማሪዎች ሦስቱን ቃላት እንዳሻን ስናቀያይር ገበሬውን በብዕር ከርስቱ እንነቅለዋለን።

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ እስከ ደጋ ዳሞት በነበረው ሥርዓት ርስት ማለት ከአቅኚው አባት በመወለድ፣ በእናትም በአባትም በኩል የሚገኝ የመሬት መብት ነበር። ጉልት ግን በዚያው መሬት ላይ ግብር የመሰብሰብና የመዳኘት ሥልጣን ነው፤ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። ባለጉልቱ ግብሩን ይበላል እንጂ መሬቱ የእሱ አይደለም። እንግዲህ የጎጃም ገበሬ ግብር መክፈሉ ባለርስትነቱን ያጸናለት ነበር እንጂ ጭሰኛ አያደርገውም። በእርግጥ ርስት የሌለው ሸማኔና አንጥረኛ መሬት ይከራይ ነበር፤ እሱ የከፈለው ሬንት ነው። በደቡብ ደግሞ ከምኒልክ ዘመቻዎች በኋላ ብዙው አራሽ ምርቱን ለባለመሬት ያካፍል ነበር። «ገባር» የሚለው ስም አንድ፣ ኑሮው ግን ሁለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. በአስራት ፈንታ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። መንግሥት «የምንገምተው ገቢውን ነው፣ መሬቱን አይደለም» ባይ ነው። ገበሬው ግን ሌላ ሰማ፦ ገቢ ለመገመት መሬቱ ይታያል፣ መሬቱ ከታየ ቃላድ ይጣላል፣ ቃላድ ከተጣለ ርስት ይሄዳል። ቃላድ በደቡብ ስንቱን ከመሬቱ እንዳፈናቀለ ወሬው ጎጃም ደርሷል። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ገማቾቹን አንቀበልም አለ። ጦር ዘመተበት፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ የግብሩም ውዝፍ ተማረ። ይህን አመፅ «መሃይም ገበሬ አዋጁ አልገባው ብሎ» የሚሉ አሉ። ኧረ በደንብ ገብቶታል! ታክስ ተብሎ የመጣው ነገር ነገ ሬንት እንዳይሆንበት ነው የፈራው።

በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሲወጣ የአርሲ ጭሰኛ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የዳሞት ባለርስት ግን «መሬቴን ማን ወሰደውና ነው የምትመልሱልኝ?» ቢል አይፈረድበትም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ደነገገ። ዛሬ ገበሬው «ባለይዞታ» ይባላል፤ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ይከፍላል። የመጀመሪያው ታክስ መሆኑ ግልጽ ነው። ሁለተኛውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ጓደኛ ግን ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ መሬቱ የማን ነው? የገበሬው ከሆነ ታክስ ይበለው፤ የሌላ ከሆነ ሬንት ነው። የ1960ዎቹ የዳሞት ገበሬዎች ይህችን ልዩነት ያለ መዝገበ ቃላት ያውቋት ነበር።