ያረጀ ላፕቶፕን በኤስኤስዲ ማደስ፤ ከአዲስ ግዢ በፊት ሊታይ የሚገባው አማራጭ

በመሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በማረሚያ ቤቶች የሥልጠና ክፍሎች “አርጅቷል” ተብለው ወደ መጋዘን ከሚገቡ ላፕቶፖች መካከል ብዙዎቹ በእርግጥ ያረጁ አይደሉም። ፕሮሰሰራቸው ይሠራል፣ ስክሪናቸው ይበራል፣ የፊደል ገበታቸውም ደህና ነው። አዝጋሚ የሚያደርጋቸው በአብዛኛው አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እሱም መረጃ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ነው። ይህን ክፍል ኤስኤስዲ በሚባለው ማከማቻ መተካት ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ በጥቂቱ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ የእጅ ሥራ ሊከናወን ይችላል።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ በብር ሲሰላ በመናሩ፣ በእጅ ያለውን ዕቃ ማደስ ለግለሰብም ለተቋምም የበጀት ጉዳይ ሆኗል።

ጉዳዩ ማረሚያ ቤትን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚታወቀው የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለረጅም ዓመታት ከፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አንዱ ሆኖ አገልግሏል። ማረሚያ ቤት ከሚለው ስያሜ መረዳት እንደሚቻለው የእንዲህ ያሉ ተቋማት ተግባር ማሰር ብቻ ሳይሆን ማስተማርና ለሙያ ማብቃትም ነው። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1174/2012 የወጣውም ይህን የማረምና የማነጽ ዓላማ ይዞ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባዔ እ.አ.አ በ2015 ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የታራሚዎች አያያዝ ደንብ በአንቀጽ 104፣ የታራሚዎች ትምህርት ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር እንዲጣጣምና ሲፈቱ ያለ ችግር እንዲቀጥሉት እንዲሆን ይጠይቃል።

በማረሚያ ቤት የሚሰጥ የኮምፒዩተር ሥልጠና ከሌላው የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰዓት ነው። ሰልጣኙ ወደ ክፍል የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ የተወሰነ በመሆኑ፣ ማሽኑ እስኪነሳ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ከትምህርቱ ይቀነሳል። ሁለተኛው የኢንተርኔት ነገር ነው። በማረሚያ ቤት ኢንተርኔት በጥብቅ የሚገደብ ስለሆነ የሚያስፈልገው ሁሉ በላፕቶፑ ውስጥ አስቀድሞ መጫን ይኖርበታል። በአሜሪካ በአንዳንድ ማረሚያ ቤቶች ለተማሪ ታራሚዎች የሚሰጡት ላፕቶፖች አካላቸው ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ ገመድ አልባ ግንኙነት የሌላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ኪዊክስ ያሉ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ጨምሮ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላሉ። እንዲህ ያለው ማሽን ፈጣንና አስተማማኝ ማከማቻ ያስፈልገዋል።

ሃርድ ዲስክ ለምን ይዘገያል?

ሃርድ ዲስክ የተጀመረው እ.አ.አ በ1956 አይቢኤም ባቀረበው ራማክ በተባለው መሣሪያ ነው። የዚያ መሣሪያ 50 ሰሃኖች በጠቅላላው የሚይዙት 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር። መጠኑ አንሶ የሚይዘው መረጃ ቢበዛም፣ አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። ሰሃኑ ይሽከረከራል፣ በክንድ ጫፍ ላይ ያለው ማንበቢያም ወደሚፈለገው ቦታ እየሄደ ያነባል።

በላፕቶፕ ውስጥ የተለመደው ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። የክንዱ እንቅስቃሴ ሲጨመርበት አንድ ቁራጭ መረጃ ለማግኘት በአማካይ 15 ሚሊሰከንድ ገደማ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ሲነሳ የሚያነበው አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠሩ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ነው። አንድ ሺህ ጊዜ መፈለግ ብቻ 15 ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። መረጃው የሚቀመጠው የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ (እ.አ.አ) በፈለሰፈው ፍላሽ በተባለ ቺፕ ላይ ነው። አንድ ቁራጭ መረጃ ለማግኘት 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በዚህ ስሌት ከላይ የተጠቀሰው አንድ ሺህ ፍለጋ ከ15 ሰከንድ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይወርዳል። የለውጡ ዋነኛ ምንጭም ይኸው ነው። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለውም ላፕቶፑ ሲነቃነቅ ወይም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዘዋወር የመጎዳት ዕድሉ ያነሰ ነው።

ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት

የዲስኩ ዓይነት ከላፕቶፑ ጋር መግጠም ይኖርበታል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቱ አብዛኞቹ ሃርድ ዲስክ ያላቸው ላፕቶፖች ሳታ የሚባለውን መግጠሚያና 2.5 ኢንች ስፋት ያለውን ዲስክ ይቀበላሉ። ከዚያ የቀደሙት በሁለት ረድፍ መርፌዎች የሚያያዘውን አይዲኢ የተባለ መግጠሚያ ሊይዙ ይችላሉ። ለእነዚህ ተስማሚ ኤስኤስዲ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቀጠን ብለው በተሠሩት ላፕቶፖች ላይ ደግሞ እንደ ማስቲካ ጥቅል ረዘም ያለው ኤም ዶት ቱ ይገኛል። ይህ ሳታና ኤንቪኤምኢ በሚባሉ ሁለት ዓይነቶች የሚመጣ ሲሆን፣ ቅርጻቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። የላፕቶፑን የሞዴል ቁጥር ይዞ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለጽሑፍ ሥራና ለሥልጠና 240 ወይም 256 ጊጋባይት በቂ ነው። ከሚጠበቀው ዋጋ እጅግ በወረደ ሒሳብ “2 ቴራባይት” ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሲገጥም ጥንቃቄ ያሻል። በውስጡ ያለው ቺፕ አነስተኛ ሆኖ መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ዕቃ በዓለም ገበያ ስለሚዘዋወር፣ እንደ ኤች ቱ ቴስት ባለ ፕሮግራም ሙሉ መጠኑን መፈተሽ ተገቢ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ አስፈላጊ ሰነዶች ሁሉ በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ አለባቸው። ይህ ሳይጠናቀቅ ብሎን መፍታት አይገባም። ቀጥሎ ያለውን ሥርዓት እንዳለ ለማዛወር የሚፈልግ ሰው፣ አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ማገናኛ አያይዞ እንደ ክሎንዚላ ባለ ፕሮግራም መቅዳት ይችላል። ማሽኑ በቫይረስ የተጠቃ ወይም በማይፈለጉ ፕሮግራሞች የተሞላ ከሆነ ግን እንደ አዲስ መጫን ይመረጣል።

ከዚያም ላፕቶፑ ጠፍቶ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪውም ይወጣል። ባትሪው ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ ክዳኑ እንደተከፈተ በቅድሚያ ገመዱ ይለያል። በሰውነት ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ቺፕ ሊጎዳ ስለሚችል ከመንካት በፊት ከመሬት ጋር የተያያዘ ብረት መንካት ጠቃሚ ነው። በትንሽ ካቻቢቴ የሥሩ ብሎኖች ተፈትተው የቀድሞው ዲስክ ከነማቀፊያው ይወጣል። ማቀፊያው በአዲሱ ላይ ተገጥሞ በቦታው ይመለሳል። ብሎኖቹ በርዝመት ስለሚለያዩ የወጡበትን ቦታ በወረቀት ላይ ምልክት እያደረጉ ማስቀመጥ ኋላ ከሚመጣ ችግር ያድናል።

መጨረሻ ላይ በባዮስ ውስጥ የሳታው አሠራር ኤኤችሲአይ በተባለው ላይ መሆኑ ይረጋገጣል። ከሌላ አሠራር መቀየር ካስፈለገ ግን ይህ ሥርዓቱ ከመጫኑ በፊት መደረግ አለበት። ያለበለዚያ የተቀዳው ዊንዶውስ ላይነሳ ይችላል።

ኤስኤስዲ የማይፈታቸው ችግሮች

ዲስክ መቀየር ፕሮሰሰሩን አያፋጥንም፣ ራም አይጨምርም። ራሙ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ቦታው የሚፈቅድ እስከሆነ ድረስ ወደ 8 ማሳደግ ይመከራል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መመዘኛ አያሟሉም። ለእነዚህ እንደ ሊኑክስ ሚንትና ሉቡንቱ ያሉ ነፃ ሥርዓቶች አማራጭ ናቸው።

ፍላሽ ቺፕ የሚጻፍበት ጊዜ ብዛት የተወሰነ ነው። ይሁንና ለ150 ቴራባይት ጽሕፈት ዋስትና የተሰጠው ዲስክ በቀን 20 ጊጋባይት ቢጻፍበት 20 ዓመት ያህል ይቆያል። በአንጻሩ ዲስኩ ሲበላሽ እንደ ሃርድ ዲስክ በድምፅ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ሊጠፋ ስለሚችል፣ መጠባበቂያ ቅጂ የመያዝ ልማድ መቅረት የለበትም። ለረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኝ በመጋዘን ለሚቀመጥ ሰነድም ኤስኤስዲ አይመረጥም።

የወጣው ዲስክ ወዴት ይሂድ?

ብዙዎች የሚዘነጉት ከላፕቶፑ የወጣውን ዲስክ ነው። ፋይል “ተሰረዘ” ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ዲስኩ የባለቤቱን ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና የይለፍ ቃሎች ይዞ ይቆያል። የተቋም ዲስክ ሲሆን ደግሞ የሌሎች ሰዎችን መረጃ ይይዛል። በማረሚያ ቤት ቢሆን የታራሚዎችን መዝገብና የጤና ሁኔታ ሊጨምር ይችላል።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ መረጃ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ከቃሊቲ ስም ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ያሳያል። ስሙን ከማረሚያ ቤቱ ስምንት ዞኖች በመነሳት ያወጣው የ“ዞን ዘጠኝ” ጦማሪያን ቡድን አባላት በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ሲያዙ ኮምፒዩተሮቻቸውም ተወስደዋል። በቀረበባቸው የሽብር ክስ ውስጥ መረጃን በኮምፒዩተር ስለመጠበቅ የወሰዱት ሥልጠና ተጠቅሶ ነበር። በሐምሌ 2007 የከፊሎቹ ክስ ተቋርጧል፤ በጥቅምት 2008 ፍርድ ቤት ቀሪዎቹን ከሽብር ክሱ በነፃ አሰናብቷል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃን በአግባቡ መያዝና ማስወገድ የሕግ ግዴታም ሆኗል። ስለሆነም ለሽያጭ ወይም ለስጦታ የሚወጣ ሃርድ ዲስክ ሙሉ በሙሉ በላዩ ሊጻፍበት፣ የማይሠራው ደግሞ ሰሃኑ በአካል ሊሰበር ይገባል። ኤስኤስዲ ሲሆን የአምራቹን የመደምሰሻ ትዕዛዝ መጠቀም ያስፈልጋል።

ቀሪው አካል የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ነው። እ.አ.አ በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን እንዲህ ያለ ቆሻሻ የተፈጠረ ሲሆን፣ በአግባቡ መሰብሰቡና መታደሱ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን በደንብ ቁጥር 425/2010 ወስናለች። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ተፈታትተው የሚለዩበት ማዕከል የተቋቋመውም በዚያው በአቃቂ አካባቢ ነው።

አንድ ላፕቶፕ በአዲስ ዲስክ ተጨማሪ ዓመታት ካገለገለ ወደዚያ የሚሄድበት ቀን ይዘገያል። ስለሆነም ተቋማት የማስወገድ ውሳኔ ከማሳለፋቸው በፊት፣ በመጋዘን ካሉት ማሽኖች አንዱን በኤስኤስዲ አድሰው ውጤቱን መመዘን ይበጃቸዋል።