የኮምፒዩተር ተራራና ጥላው

በ1980 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በተካሄደው «ሲግራፍ» በተሰኘው የኮምፒዩተር ሥዕል ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የሁለት ደቂቃ ያህል ፊልም ታየ። ስሙ «ቮል ሊብር» ሲሆን የሠራው በቦይንግ ኩባንያ ያገለግል የነበረው ሎረን ካርፔንተር ነው። ካርፔንተር አንድን ሦስት ማዕዘን ወደ ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች፣ እነዚያንም እንደገና ወደ ሌሎች እየከፋፈለና ነጥቦቻቸውን በዕጣ ከፍና ዝቅ እያደረገ የሰው እጅ ያልሣለው የተራራ ሰንሰለት አስገኘ። ጉባኤተኛውም በደማቅ ጭብጨባ ተቀበለው።

የተራራው ቅርጽ በዚህ መንገድ ተገኘ። የብርሃኑና የጥላው ነገር ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ብዙ ድካም የጠየቀውም እርሱ ነው።

መነሻው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፈረንሳዊው አንሪ ጉሮ በ1971፣ የሐኖይ ተወላጅ የሆነው ቡይ ቱዎንግ ፎንግ ደግሞ በ1973 ባቀረቧቸው የዶክትሬት ጽሑፎች፣ የአንድ ገጽ ድምቀት ከብርሃኑ አቅጣጫ አንጻር እንዴት እንደሚሰላ አሳዩ። ፎንግ በ1975 ገና በወጣትነቱ ቢሞትም ስሌቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ነጥብ የሚጠይቀው «ፊቴ ወደ ፀሐይ ነውን?» ብሎ ብቻ ነው፤ በፊቱ ሌላ ኮረብታ ይገተር አይገተር አያውቅም። ስለዚህ በተራራ የተጋረደው ሸለቆ እንደ ገላጣ ሜዳ ያበራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካመጡት አንዱ ላንስ ዊሊያምስ ነበር። በ1978 ያቀረበው ዘዴ የሚያስገርም ቅልጥፍና አለው፤ ይኸውም ትዕይንቱን አስቀድሞ ከተመልካቹ ሳይሆን ከፀሐይ ቦታ ሆኖ ማየት ነው። ፀሐይ የምታየው ሁሉ ብርሃን ያገኛል፤ የማታየው ጥላ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ፀሐይ የምታየውን እያንዳንዱን ነጥብ ርቀት መዝግቦ፣ ኋላ ሥዕሉን ሲሠራ ከዚያ መዝገብ ጋር ያስተያያል። መዝገቡ ግን የተወሰነ ስፋት አለው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ሣጥን ሲበቃ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ለሚሸፍን መልክዓ ምድር ሲዘረጋ ይሳሳል፤ ከተመልካቹ እግር ሥር ያለው የዛፍ ጥላ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ቆይቶ የተገኘው መላ ትዕይንቱን በቅርበትና በርቀት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን መዝገብ መስጠት ነው።

ጥላው በቦታው ዋለ እንበል። ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው? የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ጥላው ድቅድቅ ጨለማ እንዳይሆን በትዕይንቱ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ደካማ ብርሃን ይጨምሩ ነበር። ውጤቱም ከካርቶን የተቆረጠ የመሰለ ሙት ኮረብታ ነው። ተማሪዎቹን ይዞ ሜዳ የወጣ የሥዕል መምህር ጥላን በጥቁር ቀለም ብቻ የሚሞላውን ጀማሪ ስንት ጊዜ ገሥጾታል! ክሎድ ሞኔ በ1890 እና በ1891 የነዶ ክምሮችን ሲሥል ጥላቸውን በሰማያዊና በሐምራዊ የቀባው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ፀሐይ የተከለከለው መሬት ከሰማይ ብርሃን ይቀበላልና። መሐንዲሶቹ ሠዓሊዎቹን ቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ መንገዱ ባጠረ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሰማይን ራሱን እንደ ብርሃን ምንጭ በመቁጠር ረገድ ጃፓናውያኑ ቶሞዩኪ ኒሺታና ኤይሃቺሮ ናካማኤ በ1986 ያቀረቡት ጥናት ጉልህ ስፍራ አለው። ሰማይን እንደ ታላቅ ጉልላት ወስደው በየቅንጣቢው ከፋፈሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከዚያ ጉልላት ምን ያህሉን እንደሚያይም አሰሉ። ሰፊ ሰማይ የሚያየው የኮረብታ ጫፍ ይፈካል፤ ገደል አፋፍ ሥር ያለው ስንጥቅ ይደበዝዛል። ኔልሰን ማክስ ደግሞ በ1988 ለእያንዳንዱ ነጥብ በዙሪያው ያለው አድማስ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አስቀድሞ የመመዝገብን ዘዴ አቀረበ፤ ፀሐይ ከዚያ ከፍታ በታች ስትወርድ ነጥቡ ጥላ ይለብሳል። በዚህ ስሌት ምሽቱ በመጀመሪያ ሸለቆውን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ በመጨረሻም የተራራውን ራስ ይይዛል።