አስምና የሰውነት እንቅስቃሴ በአዋቂዎች

አስም ያለበት ሰው ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ በአፉ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የመተንፈሻ ቧንቧውን እርጥበት ስለሚያሳጣው ቧንቧው ይጠብባል። ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽና የደረት መጨነቅ ይከተላሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚብሱት ሩጫው ካበቃ በኋላ ነው። ይህን ፈርተው ስፖርት የሚተዉ ብዙዎች ናቸው። ያሳዝናል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ በትንሽ ድካም ትንፋሽ ያሳጥራልና። አስም ግን ከስፖርት አያግድም፤ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ ከአስም ጋር የኖረችው እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2003 በለንደን ማራቶን 2:15:25 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራለች። በሽታው በመድኃኒት ከተገታ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ለአስም ሕሙማንም ይሆናል። ቀስ ብሎ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ በብርድ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሐኪም ካዘዘም ከእንቅስቃሴው 15 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ሳልቡታሞል የተባለውን ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት መሳብ ይረዳል።