ሻንጣ ውስጥ ያለው ወረቀት

የአሜሪካ ዜግነት ሰርተፊኬቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ፣ ከእናቴ ነጠላ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ለመራጭነት ስመዘገብ ማንም አሳዪኝ አላለኝም። ዜጋ ነኝ ብዬ፣ ብዋሽ እንደምከሰስ አውቄ ፈረምኩ፤ በቃ። ይህ አሠራር በ1993 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) በወጣው የመራጮች ምዝገባ ሕግ የተተከለ ነው።

አሪዞና በ2004 ፊርማ አይበቃኝም፣ የዜግነት ማስረጃ አምጡ አለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013፣ 7 ለ 2፣ የፌዴራሉን የመራጮች ምዝገባ ፎርም የሞላ ሰው ላይ ሌላ ወረቀት መጨመር አትችይም አላት። የካንሳስ ግን ያንገበግባል፤ ተመሳሳይ ሕጓ 30 ሺህ ያህል ሰዎችን ከምዝገባ አስቀርቶ በ2018 ፍርድ ቤት ሻረው። ከእነዚያ አብዛኞቹ እንደ እኔው ዜጎች ነበሩ።

ማርች 25 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያንኑ ማስረጃ በፌዴራሉ ፎርም ላይ እንዲጠየቅ በትእዛዝ ፈረሙ። በወሩ ፍርድ ቤት አገደው። ሕገ መንግሥቱ የምርጫን ሥርዓት የሰጠው ለክፍለ ግዛቶችና ለኮንግረስ ነዋ! ፕሬዚዳንቱን እዚያ አያነሳቸውም። እንግዲህ የቀረው መንገድ ሕግ ማውጣት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ያንኑ ማስረጃ የሚጠይቅ ረቂቅ ኤፕሪል 10 ቀን 2025 220 ለ 208 አሳልፎ ወደ ሴኔት ልኮ ነበር፤ እዚያ ክርክር ለመቋጨት 60 ድምፅ ያስፈልጋል።

እኔ ግን ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄዋለሁ።