ተቀባሪ መልሕቅ

በባሕር ወለል ላይ ሲጎተት አፈሩን ሰንጥቆ እየገባ ራሱን የሚቀብር መልሕቅ ነው። በእንግሊዝኛ «ድራግ ኢምቤድመንት አንከር» ይባላል።

ብዙዎቻችን መልሕቅ መርከብን የሚይዘው በክብደቱ ይመስለናል። ተቀባሪ መልሕቅ ግን የሚይዘው በተቀበረበት አፈር ነው። ሰንሰለቱ ወደ ጎን ሲሳብ ሹል ክንፎቹ እንደ ማረሻ ወደ ታች ይገባሉ፤ ወደ ጎን እየሳቡ እሱን ማንቀሳቀስ የሚቻለው ከፊቱ ያለውን አፈር በመስበር ብቻ ነው። ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉተታ የሚችለውም ለዚህ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 «ሲኪውአር» የተባለውን መልሕቅ በዚሁ መርህ የፈለሰፈው ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነበር፤ እነሱ ከባድ ብረት መሸከም አይችሉምና።

በመርከብ አድን ሥራም እንዲህ ያለ መልሕቅ ያገለግላል። አሸዋ ላይ የተቀመጠን መርከብ ለማስለቀቅ ባለሙያዎች መልሕቆችን ጥልቁ ውኃ ውስጥ ይጥሉና ገመዱን በዊንች ይስባሉ። መልሕቁ ከያዘ መርከቡ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ መልሕቁ ከተንሸራተተ ግን መርከቡ ባለበት ይቀራል።

ንድፉ የሚወሰነው በአፈሩ ነው። በክንፉና በዘንጉ መካከል ያለው ማዕዘን ለአሸዋ 30 ዲግሪ፣ ለለስላሳ ጭቃ ደግሞ 50 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ጉተታው ወደ ላይ ካዘነበለ መልሕቁ ይነቀላል፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ የሚተኛ ረጅምና ከባድ ሰንሰለት ይታሰርበታል።

ሲፈተሽ ጉተታው ቀስ በቀስ እየተጨመረ ኃይሉና መልሕቁ የተንሸራተተው ርቀት አብረው ይመዘገባሉ። ሳይነቀል የቻለው ከፍተኛ ጉተታ «የመያዝ አቅም» ይባላል። በአሸዋ የተገኘ ውጤት ለጭቃ ዋስትና አይሆንም።

አለት ላይ ደግሞ ተቀባሪ መልሕቅ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ውስጥ በጂሊዮ ደሴት ዳርቻ የተገለበጠችው «ኮስታ ኮንኮርዲያ» ያረፈችው ግራኒት ላይ ነበር። በ2013 ቀጥ ስትደረግ ሥራው 19 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ እንዳትንሸራተት የያዟት ከሆዷ ሥር ያለፉ ሰንሰለቶች የታሰሩትም ወለሉ ላይ አስቀድመው በተተከሉ መያዣዎች ነበር።

በአድን ሥራ ላይ መልሕቅ ተነቅሎ የተወጠረ ገመድ ድንገት ቢለቅ ሰው ሊገድል ይችላል፤ የሚታደገው መርከብ ነዳጅ ቢፈስ የባሕሩን ሕይወት ይጎዳል። ስለዚህ «ይህ መልሕቅ 50 ቶን ይይዛል» የሚል ሁሉ በምን ዓይነት አፈር እንደተፈተሸ አብሮ መናገር አለበት።