ከዳንግላ ቆንስላ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ቦታቸው የተጻፈላቸውና ያልተጻፈላቸው እንስሳት

እ.ኤ.አ. በ1925 የእንግሊዝ መንግሥት ሻለቃ ሮበርት ቺስማንን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል አድርጎ ዳንግላ ላይ አስቀመጠ። ለንደን ዓይኗን የጣለችው ጣና ላይ ነበር። የሱዳንና የግብፅ ውሃ ከዚያ ስለሚነሳ፣ በሐይቁ መውጫ ግድብ የመሥራት ሐሳብ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። የሱዳን ጠረፍ ጉዳይም ነበር። ሰውየው ግን ከቆንስልነቱ ጎን ሌላ ሥራ ይዞ መጣ፤ ወፍ አጥኚ ነበር።

ቀደም ሲል ኢራቅና ዓረቢያ ሳለ እንስሳት ይሰበስብ ስለነበር፣ አንዲት የበረሃ አይጥ በሳይንሳዊ መጠሪያዋ ስሙን ይዛለች። ዳንግላን መቀመጫው አድርጎ እስከ 1934 ሲቆይ የዓባይን ሸለቆ አፋፍ ተከትሎ ተጓዘ፤ በዘመኑ ካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ ይታይ የነበረውን የወንዙን መንገድ ለካ፤ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች አጠና። ይህንን ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተመው። የሰበሰባቸው ወፎች ወደ ለንደን ተልከው፣ ከወፍ ሊቁ ዊልያም ስክሌተር ጋር ሆኖ «አይቢስ» በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት በ1935 እና በ1936 ዘረዘራቸው።

የዘመኑ አሠራር ዛሬ ለጆሮ ይከብዳል። ወፍ ለማጥናት መጀመሪያ ወፉን መግደል ነበር። ቆዳው ይገፈፋል፤ ነፍሳት እንዳይበሉት አርሴኒክ ይቀባል፤ ውስጡ በጥጥ ይሞላል፤ እግሩ ላይ ትንሽ ካርድ ይታሰራል። ካርዱ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጾታው፣ ብዙ ጊዜም የቦታው ከፍታ ይጻፋል። ካርዱ የጠፋበት ወፍ ላባው የቱንም ያህል ቢያምር ለአጥኚው እምብዛም አይረባም። በየትኛው አገር፣ በደጋ ይሁን በቆላ፣ በምን ወቅት ይኖር እንደነበር የሚመሰክርለት የለምና። ዳንግላ የሚለው ስም በዓለም የእንስሳት ጥናት ጽሑፎች ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ቺስማን በአገው ምድር እንስሳትን ለማጥናት የመጀመሪያው አልነበረም። ከእሱ 155 ዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በአገው ምድር አቋርጦ ግሽ ዓባይ ደርሷል። ብሩስን ሁሉም የሚያስታውሰው በዓባይ ምንጭ ነው። በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ግን በመጨረሻው ቅጹ የኢትዮጵያን ዕፀዋትና እንስሳት በሥዕል የያዘ ነው፤ ኮሶና እንሰት፣ ጅብና ሽኮኮ፣ አባ ጉምባ ተብሎም የሚጠራው እርኩም አሉበት። ሥዕል በመሥራት የረዳው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ ሞቶ ቀርቷል። የብሩስ ሥራ ስህተትና ጉራ አያጣውም፤ ሆኖም እንስሳውን ሲገልጽ የሚኖርበትን ቦታና ሰዎቹ የሚጠሩበትን ስም አብሮ ለመጻፍ ሞክሯል።

በቤተ መንግሥት ወገን ያለው ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። እዚያ እንስሳ የሥልጣን ምልክትና የወዳጅነት ስጦታ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶቻቸውን በአጠገባቸው አድርገው እንግዳ ይቀበሉ ነበር። በጎንደር የፋሲል ግቢም የአንበሳ ቤቶቹ ዛሬም ይታያሉ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1882 ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ላኩ። ፓሪስ የደረሰውን እንስሳ የመረመሩት ሊቃውንት ቀጫጭን ሽንትሮቹን አይተው ከሌሎቹ የሜዳ አህዮች የተለየ ዝርያ መሆኑን ተረዱና በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየሙት። የአፋርና የደቡብ ኢትዮጵያ ሜዳ የሚያውቀው ያ እንስሳ እስከ ዛሬ በዓለም የሚጠራው በተቀባዩ ስም ነው፤ የላኪውም ሆነ የትውልድ ቦታው ስም አልተነሳለትም።

የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የዚህ ልማድ ወራሽ ነው። በ1940 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲቋቋም፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያረቧቸውን አንበሶች ሕዝቡ መጥቶ እንዲያይ አደረገ። ጎፈራቸው ጥቁር ሆኖ እስከ ደረትና ሆድ የሚወርደው እነዚያ አንበሶች ለስንት ትውልድ የአዲስ አበባ ልጅ የመጀመሪያው የአራዊት ትዝታ ሆነዋል። አባቶቻቸው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተይዘው እንደመጡ ይነገራል። በትክክል ከየትኛው ጫካ የሚለው ግን እንደ ዳንግላ ወፎች እግራቸው ላይ አልታሰረላቸውም። በ1999 ዓ.ም. ግቢው ቦታና ገንዘብ ስላጠረው ግልገሎች መገደላቸው በዓለም የዜና ማሰራጫዎች ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች የ15 አንበሶችን ዘረመል ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር አነጻጽረው የተለዩ መሆናቸውን አሳወቁ፤ ተጠብቀው እንዲረቡም መከሩ። አንድ ካርድ ይመልሰው የነበረውን የትውልድ ጥያቄ ቤተ ሙከራ መጠየቅ ግድ ሆነ፤ እሱም ልዩ መሆናቸውን እንጂ የተያዙበትን ቀዬ አይነግርም።

በውጭው ዓለም እንስሳ ከቦታው የመነጠሉን ችግር በሌላ በኩል የነካው ጀርመናዊው ካርል ሃገንቤክ ነው። ሃገንቤክ ነጋዴ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጠረፍ ጎን ካለው ከከሰላ አካባቢ ሳይቀር አራዊት ያስመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃምቡርግ አጠገብ በከፈተው የአራዊት መናፈሻ የብረት ፍርግርጉን ትቶ እንስሳቱን ከተመልካቹ በጥልቅ ቦይ ለየ፤ በሰው ሠራሽ ገደልና ሜዳ መካከልም አኖራቸው። ከዚያ በኋላ የዓለም መናፈሻዎች ከእንስሳው ጋር መኖሪያውንም ለማሳየት መሽቀዳደም ጀመሩ። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባው አንድነት ፓርክም የአራዊቱ ክፍል በዚሁ መንገድ የሄደ ነው።

መኖሪያ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ግን ከሃምቡርግ ይልቅ የእንጅባራ መንገድ በመረረ ሁኔታ አስተምሯል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያንን ለማስወጣት ከሱዳን ድንበሩን ሲሻገሩ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቅና ጥይቱን የጫነው በግመል ነበር። መንገዱ ከሱዳን ሜዳ በበላያ በኩል አድርጎ ሽቅብ ወደ እንጅባራ ደጋ ይወጣል። ግመል የቆላና የሜዳ እንስሳ ነው። አቀበቱ፣ ድንጋዩ፣ የሌሊቱ ብርድ፣ የለመደውን ግጦሽ ማጣቱና የጭነቱ ብዛት ተደማምረው ፈጁት። በዘመቻው ከተሰማሩት 15 ሺህ ገደማ ግመሎች አዲስ አበባ የደረሱት 50 ያህል ብቻ ናቸው ይባላል። ዘመቻው ድል አደረገ፤ ግመሎቹ ግን በጠላት ጥይት ሳይሆን በአየሩና በመንገዱ አለቁ። በዚያው ደጋ ላይ ፈረስ ከአገው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚታየው ግልቢያ ሰው፣ እንስሳና አገር ሲገጥሙ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው እንጅባራና ዳንግላ የሚገኙበት አዊ ዞን የአራዊት ማሳያ የለውም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ዳንግላ ወደ 2,100 ወርዳለች፤ ጃዊ ደግሞ ሞቃት ቆላ ናት። በአንድ ዞን ውስጥ የባንጃ ቀርቀሃ፣ የዘንገና የእሳተ ገሞራ ሐይቅና የጃዊ የቆላ ጫካ አሉ። የሚኖርባቸው እንስሳም እንደየከፍታቸው ይለያያል። ከጃዊ በስተሰሜን፣ ቋራ ውስጥ ባለው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ወጥመድ የዱር አንበሶች መኖራቸው ተረጋግጧል። ለአዊ ልጅ በነጻነት የሚንጎራደደው አንበሳ ከስድስት ኪሎው ይልቅ ቅርቡ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ፋግታ ለኮማን ጨምሮ በዞኑ ወረዳዎች ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ተተክሎ ለከሰል ይቆረጣል። ለገበሬው ጥሩ ገቢ አምጥቷል፤ የተራቆተውን ተራራም አረንጓዴ አልብሷል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ተተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚቆረጥ የአንድ ዓይነት ዛፍ ማሳ፣ ጉሬዛ የሚዘልበትንና እርጥብ የደን ወለል የሚሹ ወፎች የሚመገቡበትን የተፈጥሮ ደን አይተካም። የተፈጥሮ ደን ዛሬ በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በወንዝ ዳር ነው።

ስለዚህ ወደፊት እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ የጎብኚ ማዕከል ቢታሰብ፣ በጀቱ ቅድሚያ ለአጥርና ለአንበሳ ቤት ባይሆን ይመረጣል። የትኛው እንስሳ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ደን፣ በምን ወቅት እንደሚታይ የሚጽፉ ተማሪዎችን ማሠልጠን፣ በዘንገና ዙሪያ የመመልከቻ መንገድ ማበጀት፣ የቀሩትን ደኖች እርስ በርስ የሚያገናኝ አገር በቀል ዛፍ መትከል ይቀድማል። ቺስማን ቦታውን ለመጻፍ ወፉን መግደል ነበረበት። ዛሬ በእጅ ስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቀኑና ቦታው ተመዝግቦ፣ ወፉ በነበረበት ቅርንጫፍ ይቀራል። የአዊ ትምህርት ቤቶች ይህን መዝገብ ቢጀምሩ፣ የልጅ ልጆቻችን ስለ አገራቸው እንስሳት ለመጠየቅ ወደ ለንደን መጻፍ አያስፈልጋቸውም።