ተመላሹ የሚከራየው የማንን ቤት ነው?

አጎቴ 27 ዓመት አሜሪካ ኖሮ ጓዙን ጠቅልሎ ሲመጣ እኔ ትከሻ ላይ የወደቀችው ሥራ አንዲት ነበረች፤ የሚከራይ ቤት መፈለግ። እሱ የፈለገው አያትን ነው። ለምን ስለው “ጸጥ ይላል አሉ፤ ባቡርም አለው አሉ” አለኝ። ልክ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር ኃይሎች የሚነሳው የከተማ ባቡር የምሥራቅ መጨረሻው አያት ነው። (ባቡሩ እስኪመጣ የሚጠበቀውን ነገር ሌላ ቀን እንጫወታለን።)

ሦስት ቅዳሜ ተንከራተትን። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ነገር ተማርኩ፤ አጎቴ አፉን መክፈት የለበትም። ደላላው ለእኔ የነገረኝ ዋጋ በር ላይ ደርሰን አጎቴ “ዩቲሊቲው ከኪራዩ ጋር ነው?” ብሎ ሲጠይቅ እዚያው ዓይናችን እያየ አደገ። በሁለተኛው ቅዳሜ “ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ብቻ ላውራ” ብዬ ለመንኩት። ዝም አለ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ አፉ ቢዘጋ ጫማው ይናገራል። አንዷ አከራይ ደግሞ የአንድ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ካልተከፈለ ቁልፉን እንደማታሳይ ነገረችን።

ደላላን መራገም ቀላል ነው፤ እኛም አልቀረብንም። ግን የዚህ ዋጋ ሥር ከደላላው ስልክ በጣም ወደ ኋላ ይሄዳል። እስኪ አብረን እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከውጭ የሚመለስ ሰው በዚህ አገር ሁልጊዜ ተከራይ አልነበረም። በ1933 ጣሊያን ተባሮ ከኢየሩሳሌም፣ ከሱዳን፣ ከኬንያ፣ ከእንግሊዝ የተመለሱት “ስደተኞች” ሹመት ጠበቃቸው፣ መሬትም ተሰጣቸው። መንግሥት ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለወታደሩ በጋሻ እየለካ ያድል ነበር። በ1950ዎቹ ዲግሪ ይዞ የተመለሰው ወጣት ደግሞ ሥራ ቆይቶት ይመጣል፤ ቤትም ቢሆን ይከራያል። አዲስ አበባ ያኔ የተከራይ ከተማ ነበረች። ቦታው በጥቂት ሰዎች እጅ ነው፤ ብዙኃኑ ኪራይ ከፋይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የኪራዩን መጠን ለተዋዋዮቹ ስምምነት ትቶት ነበር። ደህና አከራይ የገጠመው ይኖራል፤ ያልገጠመው ዕቃውን በጋሪ ይጭናል።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47። “የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣ አዋጅ”። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት መርጦ ይይዛል፤ የቀረው “ትርፍ” ነው። ትርፍ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። አያቴ (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም፤ የአጎቴን አባት ነው) ፒያሳ አካባቢ ሦስት ቤት ነበረው። በቤተሰባችን ሲነገር እንደሰማሁት፣ የትኛውን እንደሚያስቀር ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ በመጨረሻ ትንሹን መረጠ። ምክንያቱ ግቢው ውስጥ የተተከለ ኮክ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሄዱ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም በአዋጁ ተቀነሰ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። አያቴ ቤት ተከራይቶ ይኖር ለነበረው ሰው ያቺ ሐምሌ የደስታ ወር ናት። ያለ አዋጁ አዲስ አበባ መሐል መኖር የማይታሰብላቸው ስንትና ስንት ቤተሰቦች በቀበሌ ቤት ልጅ አሳድገው ድረዋል። እኔ አብሬያቸው ተምሬአለሁ፤ ክፉ አልናገርም። አዋጁ ግን ሌላም ነገር አደረገ። ማንም ሰው ቤት አከራይቶ እንዳይበላ ከለከለ። ማከራየት ከተከለከለ ለማከራየት የሚሠራ የለም። ከተማው እያደገ፣ ሰው እየበዛ፣ የሚከራይ ቤት የሚሠራ የግል እጅ ለ15 ዓመት ገደማ ታሰረ። የቀበሌ ቤት የያዘው ደግሞ በርካሽ ኪራዩ ላይ ተቀምጦ አይነቃነቅም፤ ማን ይነቃነቃል? ከደርግ መጨረሻ ጀምሮ በሩ ቀስ በቀስ ሲከፈት የተራበው ፈላጊ ከደጅ ተሰልፎ ነበር። ዛሬም ሰልፉ ያለቀ አይመስለኝም።

ከ1983 በኋላ ብዙ ሰው የተወሰደበት ቤት የሚመለስለት መስሎት ነበር። አዋጅ ቁጥር 110/1987 ወጣ። የሚያየው ግን ከአዋጅ ውጪ የተወሰዱትን ንብረቶች ነው። በአዋጅ 47 በአግባቡ የተወሰደ ቤት የመንግሥት ሆኖ ቀረ። የአያቴ ሁለት ቤቶች በደንቡ የተወሰዱ ነበሩ። (እንግዲህ ሕግ አክባሪ መሆን አንዳንዴ እንዲህ ይጎዳል፤ ደብቆ የተቀማ ይሻል ነበር።) አጎቴ ያደገው በእነዚያ ቤቶች ፊት እያለፈ ነው። አሜሪካም ሆኖ አንዳንዴ ስለ በራቸው ቀለም ይጠይቀን ነበር። በ2016 ፒያሳ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ እነሱም አብረው ፈረሱ። ስልክ ደውዬ ስነግረው “እሺ” ብቻ አለኝ።

አሁን ወደ አያት እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ አካባቢ ቤት እየሠራ ከሸጠው ከአያት አክሲዮን ማኅበር ነው። ሰፈሩ “አያት” ይባል እንጂ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ በ1990ዎቹ ሜዳው ላይ ቪላ መብቀል ሲጀምር እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ከገዢዎቹ ውስጥ ብዙ የውጭ ነዋሪ ነበረበት። ሕጉም ያኔ ነው የተላላው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘው ሐበሻም በሕግ ዓይን ባዕድ ነበር። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን “ቢጫ ካርድ” ሰጥቶ ብዙውን ገደብ አነሳላቸው። ከዚያ የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ፣ የዳላስ ነርስ፣ የአውሮፓ ፋብሪካ ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት ያጠራቀመው ዶላር ወደ አያት፣ ወደ ሲ.ኤም.ሲ፣ ወደ ሰሚት ፈሰሰ። ኮንዶሚኒየሙም ሲከተል ያው ሆነ፤ ዕጣ የወጣለት ሁሉ አይገባበትም፤ ያከራያል።

ያ ሁሉ ቤት የተገዛው “ስመለስ እገባበታለሁ” ተብሎ ነው። ባለቤቱ ግን አልተመለሰም። ልጁ ትምህርት ቤት ገባ፣ የቤት ብድር መጣ፣ ጡረታው ቀረበ። ቤቱ ለእህት፣ ለአክስት፣ ለዘበኛ ተትቶ ይከራያል፤ አንዳንዱም ተዘግቶ ይከርማል። አጎቴን በየበሩ ያጋጠመው ይሄ ነው። ተመላሹ የሚከራየው ያልተመለሰውን ሰው ቤት ነው። ያልተመለሰው ደግሞ በዶላር ያስባል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ሜሪላንድ የተቀመጠ አከራይ የወር ኪራዩ በዶላር ሲቆጠር ግማሽ ሆኖ አገኘው። አዲስ ተከራይ ሲመጣ፣ ያውም ዩቲሊቲ የሚል ተከራይ ሲመጣ፣ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

አዲሱ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ቢያንስ አጎቴን ከአንዷ ነገር አድኖታል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪውም መንግሥት በዓመት አንዴ በሚያሳውቀው ልክ ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ግን አሁንም የሚወስነው ስምምነት ነው፤ ጫማውም ያወራል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከአደባባዩ ገባ ብሎ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አገኘን። ባለቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እህትየዋ በቪዲዮ አገናኘችን። ሰውየው ትሑት ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ ሮቶው፣ ስለ ጎረቤቱ ካወራ በኋላ ትንሽ አመነታና “ይቅርታ ወንድሜ፣ ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ እኔ ጠቅልዬ ብመጣ ምን ይሻላል? በሚቀጥለው ዓመት መምጣቴ አይቀርም” አለው።

አጎቴ ሳቀ። “ስንት ዓመት ሆነህ እዚያ?”

“ሃያ ሁለት።”

“በቃ አታስብ፤ እንፈራረም” አለው።

ቤቱ ግቢ ውስጥ ኮክ የለም። አንድ የደረቀ ዘይቱን ብቻ አለ።